ካሬው ከየት ይጀምራል?

ከመሬት በላይና ከመሬት በታች ያለውን ወለል ደምሮ መሸጥ ገዢውንም ሻጩንም ይጎዳል

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይባላል። በአዲስ አበባ የቤት ገበያ ግን ነገሩ የሚጀመረው ከሥሩ ሳይሆን ከድምሩ ነው። ደላላው ስልኩን አንስቶ “ጂ ፕላስ አንድ፣ 300 ካሬ፣ ካርታው ንጹሕ ነው” ይላል። ገዢው ወዲያው የተጠራውን ብር ለካሬው ያካፍላል። አካፍሎም “ርካሽ ነው” ወይም “ተወዷል” ሲል ይፈርዳል። ለመሆኑ 300 የተባለው ምንድን ነው? የቦታው ስፋት ነው ወይስ የተሠራው ወለል? የግድግዳውን ውፍረት ይጨምራል ወይስ ውስጥ ለውስጥ የተለካ ነው? በቁልቁለቱ በኩል ተቆፍሮ የተሠራው ቤዝመንት ተደምሯል? ሰርቪስ ቤቱስ? ይህን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ሲሆን በወረቀት የሚመልስ ሻጭ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

የቡና ነጋዴ የታጠበውን ቡናና ጀንፈሉን አደባልቆ በአንድ ዋጋ አይገዛም። የእህል ነጋዴም ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሚቀነስ ሳይነጋገር ሒሳብ አይዘጋም። ብዙ ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት ቤት ግን ብርሃን የሚገባበት ሳሎንና መሬት ውስጥ የተቀበረ ዕቃ ቤት በአንድ ካሬ፣ በአንድ ዋጋ ተጠርተው እጅ ይለውጣሉ። በእህልና በቡና ተራ የማይፈቀድ ነገር በቤት ተራ ልማድ ሆኗል።

የአሜሪካው መለኪያ

ጥያቄው እኛ ዘንድ አዲስ ቢመስልም ሌላ አገር ብዙ ክርክር አስነስቶ መልስ አግኝቷል። በአሜሪካ አንድ ቤት ለባንክ ብድር ሲገመት ገማቹ አንድ ድምር ብቻ ይዞ አይቀርብም። ከመሬት በላይ ያለውንና ለመኖሪያ የተጠናቀቀውን ወለል ለብቻው ይጽፋል፤ ከመሬት በታች ያለውን ደግሞ በሌላ መስመር ያሰፍራል። ሁለቱን ደባልቆ የመኖሪያው ስፋት ይህን ያህል ነው ማለት አይፈቀድለትም።

ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው መለኪያ አንሲ ዜድ 765 የሚባለው ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ለብዙ ዓመታት የፈለገ የሚከተለው፣ ያልፈለገ የሚተወው መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። ሁኔታውን የለወጠው ፋኒ ሜይ ነው። ፋኒ ሜይ ለቤት ገዢ በቀጥታ አያበድርም፤ አበዳሪዎች የሰጡትን የቤት ብድር እየገዛ ገንዘባቸውን መልሶ የሚያንቀሳቅስላቸው ተቋም ነው። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 ጀምሮ ቤቱ ተጎብኝቶ ለሚቀርብለት ግምት መለኪያውን ግዴታ አደረገው። ብድሩን የሚገዛው አካል “በዚህ ለኩ” ካለ ለአበዳሪውም ለገማቹም ሰፊ ምርጫ አይተርፍም።

ሕጎቹ ጥብቅ ናቸው። ለብቻው የቆመ ቤት የሚለካው በውጭው ግድግዳ ጠርዝ ነው። ክፍሉ እንዲቆጠር ጣሪያው ቢያንስ 7 ጫማ፣ ማለትም 2.13 ሜትር ከፍታ ሊኖረው ይገባል። ጣሪያው ዘመም ከሆነ ከሚቆጠረው ወለል ቢያንስ ግማሹ ይህን ከፍታ ማሟላት አለበት፤ ከ5 ጫማ ወይም ከ1.52 ሜትር ያነሰው ጥግ ፈጽሞ አይቆጠርም። ከላይኛው ፎቅ ወደ ሳሎን ቁልቁል የሚታይበት ክፍት ቦታ ወለል ስለሌለው ስፋት የለውም። ጋራዥም ከመኖሪያ ስፋት ውጭ ነው። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ያለ አፓርታማ በዚህ መለኪያ አይመራም፤ ፋኒ ሜይ እንዲህ ያለው ቤት ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ እንዲለካ ይፈልጋል።

ዋናው ሕግ ግን የመሬቱ ነው። ከአንድ ወለል የትኛውም ክፍል ከመሬት በታች ከሆነ ወለሉ በሙሉ ከመሬት በታች እንዳለ ይቆጠራል። በአንድ ወገን በር ተከፍቶለት ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ቢሆን፣ መስኮቱ ሰፊ ቢሆን፣ ወለሉ እምነበረድ ቢነጠፍበት ለውጥ የለውም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ በደንብ ያውቁታል። ቤዝመንቱ እንግዳ የሚያርፍበት፣ ድግስ የሚደገስበት፣ አንዳንዴም ተከራይ ገብቶበት የወር ክፍያውን የሚያቃልል የቤቱ ግማሽ ነው። የባንኩ ገማች ሲመጣ ግን ያ ግማሽ ከመኖሪያው ስፋት ወጥቶ በሌላ መስመር ይጻፋል።

ለምን ተለየ?

ምክንያቱ የወረቀት ጣጣ አይደለም። ከመሬት በታች ያለ ክፍል ብርሃንና አየር ያንሰዋል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃ የሚፈልገው መጀመሪያ እሱን ነው። እሳት ቢነሳ መውጫው ይጠባል። በዚህም ምክንያት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ በቤዝመንት ውስጥ ለሚኖር መኝታ ክፍል የማምለጫ መስኮት ያዛል። የመስኮቱ ክፍት ቦታ 5.7 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ደፉ ከወለሉ ከ44 ኢንች ወይም ከ1.12 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ይደነግጋል።

የኢኮኖሚ ምክንያትም አለ። በቀዝቃዛዎቹ ግዛቶች የቤት መሠረት ክረምት መሬቱ ከሚቀዘቅዝበት ጥልቀት በታች መውረድ አለበት። ጉድጓዱ ለመሠረት ሲባል መቆፈሩ ካልቀረ ትንሽ ጨምሮ ቤዝመንት ማድረግ ወጪው ያን ያህል አይከብድም። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ለቤዝመንቱ ካሬ የላይኛውን ያህል አይከፍልም።

ይህ ማለት ቤዝመንት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። መለኪያው የሚናገረው ስለ ስፋት ብቻ ነው፤ ዋጋውን የሚያወጣው ገበያው ነው። ገማቹ በአካባቢው የተሸጡ ቤዝመንት ያላቸውንና የሌላቸውን ቤቶች አነጻጽሮ ለታችኛው ወለል የሚገባውን ይሰጠዋል። ልዩነቱ የታችኛው ወለል ዋጋ በራሱ ስም መጠራቱ ላይ ነው።

መለኪያው እንከን የለሽ አይደለም። በተራራማ ሠፈር አንድ ጥጉ ብቻ መሬት የነካ ሰፊ ሳሎን በሕጉ ከመሬት በታች ተብሎ ይመዘገባል። ባለቤቱ “ፀሐይ እየገባበት እንዴት ቤዝመንት ይባላል?” ቢል አይፈረድበትም። ቢሆንም ሁሉም ቤት በአንድ ሜትር ከተለካ እንዲህ ያለውን ልዩነት በዋጋው ላይ ማስተካከል ይቻላል። እያንዳንዱ ሻጭ በየራሱ ሜትር ከለካ ግን የሚስተካከል ነገር የለም፤ ምክንያቱም ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም።

ስሌቱ ሲታይ

በእኛ ገበያ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው። በአንድ መንደር፣ በእኩል ቦታ ላይ የተሠሩ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። ሁለቱም “300 ካሬ” ተብለው ቀርበዋል። አንደኛው 300ውም ከመሬት በላይ ነው። ሁለተኛው 200 ከመሬት በላይ፣ 100 ከመሬት በታች ነው። የመጀመሪያው በ30 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። ካሬው 100 ሺህ ብር ሆነ ማለት ነው።

የሁለተኛው ቤት ሻጭ ይህን ሰምቶ እሱም 30 ሚሊዮን ይጠራል። ገበያው ለታችኛው ወለል የሚከፍለው የላይኛውን ግማሽ ቢሆን የቤቱ ተገቢ ዋጋ 20 ሚሊዮን ሲደመር 5 ሚሊዮን፣ በድምሩ 25 ሚሊዮን ነው። ያልጠየቀ ገዢ 5 ሚሊዮን ብር መሬት ውስጥ ቀበረ ማለት ነው።

ጉዳቱ ግን የገዢው ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ቤት በ25 ሚሊዮን ቢሸጥ “በዚያ መንደር ካሬው 83 ሺህ ብር ገባ” የሚል ወሬ ይነዛል። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ከመሬት በላይ የሆነ 300 ካሬ ቤት ያለው ሦስተኛ ባለቤት ሊሸጥ ሲወጣ 25 ሚሊዮን ይባላል። የሌላ ሰው ቤዝመንት የእሱን ሳሎን ዋጋ አወረደበት። ድምሩ ገዢውን የሚጎዳበት ቀን እንዳለ ሁሉ ሻጩን የሚጎዳበትም ቀን አለ።

የዳገቷ ከተማ

አዲስ አበባ ለዚህ ችግር የተፈጠረች ከተማ ትመስላለች። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነስታ አቃቂ ስትደርስ ወደ 2,100 ሜትር ግድም ትወርዳለች። በሽሮ ሜዳ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በቀጨኔና በመሳሰሉት ተዳፋት ሠፈሮች ከመንገዱ ሲታይ አንድ ፎቅ የሆነ ቤት ከጓሮ ሲታይ ሁለት ይሆናል። የታችኛው ወለል በአንድ ወገን አፈር ተደግፎ በሌላው ወገን ፀሐይ ይሞቃል። ይህ ወለል ምን ይባል?

ቋንቋውም ለውዥንብር ያመቻል። “ምድር ቤት” ሲባል ለአንዱ ከመሬት እኩል ያለው የታችኛው ወለል ነው፤ ለሌላው ተቆፍሮ የተሠራው ነው። “ጂ ፕላስ” የሚለው አጠራር ደግሞ መቁጠር የሚጀምረው ከመሬት ስለሆነ ከዚያ በታች ስላለው ምንም አይልም። በመሆኑም ቤዝመንቱ ፎቅ ሲቆጠር ይቀርና ካሬ ሲደመር ይመጣል።

በንግድ ሕንፃዎች ላይ ነገሩ ይከፋል። ለመኪና ማቆሚያ የተፈቀደ ቤዝመንት ለሱቅና ለመጋዘን ሲከራይ ቆይቶ በከተማው አስተዳደር ትእዛዝ ወደ ማቆሚያነት ሲመለስ ታይቷል። የሱቁን ኪራይ አስልቶ ሕንፃውን የገዛ ባለሀብት በማግስቱ የእጁ የቀረው የመኪና ማቆሚያ ገቢ ነው። ከመሬት በታች ያለ ወለል ሲገዛ ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደም መታየት የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ወጪ ዋጋ አይደለም

እዚህ ላይ ከአሜሪካው የሚለይ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ መሬቱ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ቤዝመንት ከመሠረቱ ጋር በነጻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ቁፋሮው፣ አፈር ማጓጓዙ፣ የድጋፍ ግንቡ፣ ውኃ መከላከያው ሁሉ ተጨማሪ ወጪ ነው። አፈሩ ዋልካ በሆነበት አካባቢ ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ግንቡን ስለሚፈትን ወጪው ይብሳል። የታችኛው ካሬ ከላይኛው ይልቅ በውድ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሻጩ ይህን ይዞ “የወጣበት ገንዘብ ይታወቃል” ይላል። የባንክ መያዣ ግምትም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በግንባታ ወጪ ላይ ተመሥርቶ፣ የእርጅናው ተቀንሶ ስለሆነ የሻጩን ክርክር የሚያግዝ ይመስላል። በወጪ ስሌት ቤዝመንቱ ከሳሎኑ በላይ ሊገመት ይችላል። ገበያው ግን የሚከፍለው ለወጪ ሳይሆን ለጥቅም ነው። ተከራዩ የሚጠይቀው ብርሃኑን፣ አየሩንና እርጥበቱን እንጂ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደገባበት አይደለም። ተበዳሪው መክፈል አቅቶት ቤቱ ለሐራጅ ሲወጣ ተጫራቹ የሚሰጠው ይህንኑ የገበያ ዋጋ ነው። በወጪና በገበያ ዋጋ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸከመው እንግዲህ ባንኩ ነው።

ግሮስና ኔት

በአፓርታማ ገበያ የዚሁ ችግር ወንድም “ግሮስ” ይባላል። ገዢው የሚፈርምበት ካሬ የቤቱን ውስጥ ብቻ ሳይሆን የደረጃውን፣ የአሳንሰሩን፣ የኮሪደሩን፣ አንዳንዴም ቤዝመንት ያለውን የመኪና ማቆሚያ ድርሻ ይጨምራል። ለምሳሌ በውሉ 120 ካሬ የተባለው ቤት 20 በመቶው የጋራ መጠቀሚያ ቢሆን በቁልፍ የሚዘጋው 96 ካሬ ነው። ካሬውን በ100 ሺህ ብር ገዛሁ ያለ ሰው 12 ሚሊዮኑን ለ96 ቢያካፍል 125 ሺህ ብር ሆኖ ያገኘዋል። ከጎኑ በኔት 115 ሺህ ብር የሚሸጠውን “ውድ ነው” ብሎ ያለፈው ርካሹን ትቶ ውዱን ገዝቷል።

ይህን ችግር በሕግ የፈቱ አገሮች አሉ። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ አዲስ ቤት ከአልሚው እጅ ሲሸጥ ስፋቱና የካሬ ዋጋው የጋራ መጠቀሚያን ሳይጨምር እንዲጠራ አስገደደች። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው የሪል ስቴት ሕግ “ምንጣፍ የሚነጠፍበት ስፋት” የሚለውን መለኪያ ተረጎመች፤ የውጭ ግድግዳና በረንዳ ከዚህ ስፋት ውጭ ሲሆኑ የውስጥ ክፍልፋይ ግድግዳ ይቆጠራል። ሁለቱም አገሮች ግንበኛው ኮሪደሩን እንዳያስከፍል አልከለከሉም። የከለከሉት ኮሪደሩን ሳሎን ብሎ መጥራት ነው።

ምን ይደረግ?

“ገበያው ራሱ ያውቃል፣ ገዢው ቤቱን አይቶ ነው የሚገዛው” የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ያለቀለትን ቪላ ገብቶ ለሚያይ ሰው አባባሉ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ገና ያልተጀመረ ሕንፃ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው የሚያየው ወረቀት ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ የሚገዛ ሰውም የሚያየው ስልክ ላይ የተላከለትን ፎቶና አንድ ቁጥር ነው። ለእነዚህ ገዢዎች ቤቱ ማለት ያ ቁጥር ነው።

ጊዜውም የሚገፋ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታ አዋጅን እንዲሁም የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ግመታ ሙያ ሆኖ ሲደራጅ፣ ታክስም በንብረት ላይ ሲጣል ካሬው ከሻጭና ከገዢ ወሬነት አልፎ የሕግ ጉዳይ ይሆናል። ቤዝመንቱን እንደ ሳሎን አስቆጥሮ የሸጠ ሰው ጎረቤቱ በዚያው ስሌት ታክስ ክፈል ሲባል ምን ይመልሳል? ታክስ ሲመጣ ቤዝመንት፣ ገዢ ሲመጣ ሳሎን ማለት አይቻልም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደላላው በሚያቀርበው፣ ባንኩ በሚገምተው፣ አልሚው በሚያዋውለው ወረቀት ላይ አንድ የነበረው ቁጥር አራት መስመር ይሁን። አንደኛ፣ በካርታው ላይ ያለው የቦታ ስፋት። ሁለተኛ፣ ሙሉ በሙሉ ከመሬት በላይ ያለው የመኖሪያ ወለል። ሦስተኛ፣ በከፊልም ሆነ በሙሉ ከመሬት በታች ያለው ወለል፣ ከጣሪያው ከፍታና ከተፈቀደለት አገልግሎት ጋር። አራተኛ፣ የጋራ መጠቀሚያ ድርሻ፣ ሰርቪስ ቤትና የመኪና ማቆሚያ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር። ከሥር ደግሞ “ከውጭ ግድግዳ ተለካ” ወይም “ከውስጥ ግድግዳ ተለካ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። የዋጋ ድርድሩ እንደ ዱሮው ይቀጥል፤ ማንም ማንንም በዚህ ዋጋ ሽጥ አይለውም።

መጀመር የሚገባቸው ባንኮች ናቸው። የአሜሪካው ተሞክሮ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ መለኪያው ከ1996 ጀምሮ ቢኖርም በስፋት ግዴታ የሆነው ገንዘቡን የያዘው ሲጠይቅ ነው። አንድ ባንክ “በአራት መስመር ያልተለካ ቤት መያዣ አልቀበልም” ቢል በአጭር ጊዜ ውስጥ ገማቹም አልሚውም ሜትሩን ያስተካክላል። ሥራውን በወጉ የሚሠራ ደላላም የሚያጣው ነገር የለም። ሽያጭ የሚፈርሰውና ኮሚሽን የሚያጨቃጭቀው ገዢው ከከፈለ በኋላ ካሬ ጎድሎ ሲያገኘው ነውና።

እስከዚያው ግን ገዢው ራሱን ይጠብቅ። ደላላው “300 ካሬ” ሲል ብሩን ከማካፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ “ስንቱ ከመሬት በላይ?” ይበል። መልሱ ወዲያው ካልመጣ ሜትር ይዞ ይሂድ።